ሰካራም ይበሉኝ

ባባ ሰካራም ነው ሲባል መጀመሪያ የሰማሁት የቧንቧ ሰልፍ ላይ ነው። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ነጻነት ከገባ ሁለት ዓመት ሆኖታል፤ አስመራ ገና ከዘፈኗ አልወጣችም፤ በየሰፈሩ ድንኳን ይተከላል፣ አንዱ ቤት ከትግል ሜዳ የተመለሰ ልጅ ይዳራል፣ ሌላው ቤት ያልተመለሰው ይለቀሳል። የምንኖረው ጸጸራት ሰፈር ነው። ጀሪካኔን ይዤ ከጎረቤታችን ከአደይ ኣብርሄት ኋላ ተሰልፌያለሁ፣ እሳቸው ግን አላዩኝም። ከፊታቸው ለቆመችው ሴት፣

«ተወልደመድኅን እኮ ሰኪሩ እዩ ዝውዕል» አሉ፤ ሰክሮ ነው የሚውለው ማለታቸው ነው። «ትናንት ከግድግዳ ጋር ሲታገል አየሁት። ወይለይ፣ እንደዚያ ያለ ሰው!»

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። ባለቤቱ ባባ ነበር፣ የሰማው ጆሮ ግን የእኔ ሆነ። ተራዬ ሳይደርስ ባዶ ጀሪካኔን ይዤ ተመለስኩ። እማዬ ስትቆጣኝ «ውሃው ሄደ» ብዬ ዋሸሁ። በዚያ ዘመን ውሃ ሄደ ከተባለ የሚጠራጠር ሰው አልነበረም።

ባባ የውሃ ቆጣሪ አንባቢ ነበር። ጥዋት ደብተሩን በብብቱ፣ እርሳሱን በጆሮው ላይ፣ የቆጣሪ ክዳን የሚያነሳበትን የብረት መንጠቆ በእጁ አድርጎ ይወጣል። ሰኞ ፓራዲዞ፣ ማክሰኞ ፎርቶ፣ ሌላውን ቀን ሌላ ሰፈር፤ ከተማዋን በእግሩ ነበር የሚያውቃት። ውሾቹ እንኳ አይጮኹበትም። አንገቱን ቀና አድርጎ ተረከዙን አስፋልቱ ላይ እየመታ ሲመጣ ገና ከመንገዱ ማዶ ኮቴውን እለየው ነበር። እሑድ ከሰዓት በኋላ ከተማው ሁሉ ለባብሶ ዋናው ጎዳና ኮምቢሽታቶ ላይ ወዲያና ወዲህ ሲል፣ እሱም እኔን በግራ፣ እህቴን ሉዋምን በቀኝ ይዞ ይወጣል። ሰው ዞር ብሎ ያየን ነበር። እኔ የሚያዩት እኔን ይመስለኝ ነበር።

መጀመሪያ የቀረው የእሑዱ ሽርሽር ነው። «ጫማዬ ጠበበኝ» አለ። መሥሪያ ቤቱ ለሠራተኛው አዲስ ጫማ ሰጥቶ ስለነበር አመንኩት። ቀጥሎ የቀኝ ትከሻው ነጭ መሆን ጀመረ። ማታ ከሥራ ሲመለስ እማዬ በር ላይ ትቀበለውና ምንም ሳትናገር ከኮቱ ትከሻ ላይ ኖራ በእጇ ታራግፍለታለች። ኖራ የተቀባው ደግሞ የሰፈራችን ቡና ቤት ግድግዳ ነው፤ ስለዚህ ከአደይ ኣብርሄት በኋላ ነገሩ ሁሉ ተገጣጠመልኝ። ለካስ ኖራ ያልተቀባ ግድግዳ ሰፈራችን ውስጥ በጣት የሚቆጠር ነው። ያንን ዓይኔ እያየ አእምሮዬ አላየውም።

ሌላም ነበር። ንግግሩ ዘገየ፤ አንዳንዱን ቃል ትኩስ ድንች እንደ ጎረሰ ሰው በአፉ ያንከባልለዋል። ሻሂ ሲጠጣ ብርጭቆውን በሁለት እጁ ይይዛል። እማዬ ብርጭቆውን ግማሽ ብቻ ትቀዳለት ጀመር። ቅጣት መሰለኝ፤ ሰካራም ባል በዚያ ነው የሚቀጣው ብዬ፣ በልቤ እማዬን አደነቅኳት።

ከሁሉ የባሰው የቤተ ክርስቲያኑ ነው። ቅዳሴ ላይ ነን። ባባ ከወንዶቹ ጋር ቆሟል። እግሩን ገጠመ፣ እጁን ዘረጋ፣ ለጸሎት ዓይኑን ጨፈነ፤ ከዚያ እንደ ተቆረጠ ዛፍ ወደ ጎን ሄደ። አጠገቡ የቆሙት ያዙት። አንዱ አፍንጫውን ወደ ባባ አፍ ሲያስጠጋ ከሴቶቹ በኩል ሆኜ አየሁ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ባባ ዓይኑን ሳይጨፍን፣ አንድ እጁን ዓምዱ ላይ አድርጎ ይጸልያል።

«ባባ ለምን ዓይኑን አይጨፍንም?» ብዬ እማዬን ጠየቅኳት።

«መላእክቱን ሊያይ ነው» አለችኝ።

እማዬ የደሴ ልጅ ናት። ስሟ ኣበበች ነው። ቤታችን ውስጥ የሚነገረው የእሷ አማርኛ ነበር፤ በዚያ ሰሞን ደጅ ስንወጣ ድምፃችንን ዝቅ የምናደርግበት አማርኛ። መልስ አጥታ አታውቅም። ከሠላሳ ዓመት በኋላ አንዲት ሐኪም እግርን ገጥሞ ዓይንን ጨፍኖ መቆም የታወቀ የበሽታ መመርመሪያ እንደሆነ ነገረችኝ። ለምን እንደ ነገረችኝ እመጣበታለሁ። ያን ጊዜ ግን እማዬን አላመንኳትም። ሰካራም መላእክት አይታዩትም ብዬ ነበር።

እንግዲህ ልይዘው ተነሳሁ። ማታ ሲመጣ ለመሳም ዘልዬ አንገቱ ላይ እጠመጠምና አሸተዋለሁ። አንድ ሳምንት ሙሉ የሳሙናና የዝገት ሽታ ብቻ ነበር፤ ተስፋ አደረግኩ። በሁለተኛው ሳምንት ሸተተኝ። ዚቢብ ነው፤ የአኒስ አረቄ፤ በሠርግና በለቅሶ ቤት የማውቀው ጣፋጭ ሽታ። አለቀልን አልኩ። እንዴት ቅር እንዳለኝ ዛሬ ድረስ አልረሳውም። ሰው ሲሰድበው ደርሼ የምጣላለት አባቴ ነበር፤ ተሳዳቢዎቹ እውነታቸውን ሆኖ አገኘሁት።

በዚያው ሰሞን ከማድ ቤቱ በር ኋላ ሆኜ ወሬያቸውን ሰማሁ። እማዬ ታለቅሳለች።

«ለሉዋም እንኳ እንንገራት» አለች።

«ምን ብለን?»

«እናትህን የያዛት ነው ብለን ነዋ! ተወልደ፣ ልጅት ልትዳር ነው…»

«ልትዳር ስለሆነ ነው እኮ» አለ ባባ፣ ቃሉን አንድ በአንድ እያወጣ። «ሾላ በድፍን ይሁን፣ ኣበበች። ሰካራም ይበሉኝ። ስካር ነውር ነው፤ ቢሆንም በልጅ አይሄድም።»

እኔ የገባኝ፣ ባባ ሰካራም መባልን የማይጠላ ሰው መሆኑ ነው። ስለ አያቴ ደግሞ ያልጠበቅኩትን ተማርኩ፤ እሷም ጠጪ ነበረች ማለት ነው። እስከዚያ ድረስ የማውቀው ወንዝ ዳር መንፈስ መትቷት እንደ ሞተች ብቻ ነበር።

ሉዋም ሃያ ዓመቷ ነበር። የሚፈልጋት ልጅ ሃብተሚካኤል ይባላል፤ ጋራዥ የሚሠራ፣ ጸጉሩን በውሃ አርጥቦ የሚያበጥር፣ ጥፍሩ ሥር ያለው ግራሶ ግን በምንም ሳሙና የማይለቅ ልጅ። ሲመጣ ለእኔ ካራሜላ ያመጣል። ሉዋም እሱ በመጣበት ቀን ሁሉ ቤቱን ሁለት ጊዜ ትጠርጋለች። እንደ ወደደችው ለማወቅ ትልቅ ሰው መሆን አያስፈልግም ነበር።

በእኛ ዘንድ ግን ልጅ ስለወደደ ብቻ አይጋባም። ሽማግሌ ይመጣል፤ ዘር ይጠየቃል፤ ሰባት ቤት ይቆጠራል። ሥጋ ዝምድና እንዳይኖር ነው ይላሉ፣ እውነትም ነው፤ ነገር ግን ሲቆጥሩ ሌላም ይፈልጋሉ። ሥጋ ደዌ አለ ወይ፣ የሚጥል በሽታ አለ ወይ፣ በቤቱ እብድ ነበረ ወይ። አንዱ ትውልድ ላይ አንድ ነገር ከተገኘ ሽማግሌዎቹ «እንመካከራለን» ብለው ይሄዳሉ፤ ምክክሩ አያልቅም። የሃብተሚካኤል ሽማግሌዎች መጀመሪያ ሲመጡ ባባ የአባቱን ወገን እስከ ሰባት ዘረዘረላቸው። የእናቱን ሲጠይቁት «በልጅነቴ ሞተችብኝ፣ ወገኖቿን ብዙም አላውቅ» አለ። ተቀበሉት። ያነጋገራቸው አንዱ ነገር መጠጡ ብቻ ነበር፤ ስለ እሱ በሌላ እሑድ ሊመለሱ ቀጠሩ።

ከቀጠሮው በፊት ባለው ቅዳሜ፣ ገና ሲነጋጋ፣ ግቢው ጥግ ካለው ሽንት ቤት ውስጥ ነበርኩ። በሩ ስንጥቅ ነበረው። ባባ ግድግዳውን እየተደገፈ መጣ። ከልብስ ማጠቢያው ኋላ ጎንበስ ብሎ ጠርሙስ አወጣ። ጎረሰ። ጉንጩን ነፋ፣ ወዲያና ወዲህ አንቦጫቦጨው፤ ከዚያም ግቢያችን ውስጥ ካለው የሎሚ ዛፍ ሥር ተፋው፣ ሁሉንም። ቀጥሎ ትንሽ መዳፉ ላይ አፈሰሰና ጸጉር አስተካካይ ሽቶ እንደሚቀባ አንገቱንና የኮቱን ኮሌታ መታ መታ አደረገ። ጠርሙሱን መለሰ። አማተበ። ግድግዳውን ይዞ ወጣ።

አልጠጣም!

እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም ብል ማጋነን አይደለም። ከሽንት ቤት ወጥቼ አረቄውን የተፋበትን አፈር ሄጄ አየሁት፣ ለማረጋገጥ። አባቴ ሰካራም አይደለም። ታዲያ ለምን ይጉመጠመጣል? ጥርሱን አሞት ነዋ! እኔን ራሴን ጥርሴን ሲያመኝ እማዬ በጥጥ አረቄ ነክራ ታስነክሰኝ ነበር። ንግግሩስ? ጥርሱ አብጦ። አካሄዱስ? የመሥሪያ ቤቱ ጫማ። ኖራውስ? ጫማው ስለሚያመው ግድግዳ ይደገፋል። አንገቱ ላይ ያደረገውስ? ይህ ትንሽ አስቸገረኝ፤ የጥርስ ሕመም ወደ አንገት ይወርዳል ብዬ ዘጋሁት። ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም ይላሉ፤ እኔ ግን አቡክቼ፣ ጋግሬ፣ ቆርሼም ጨርሼ ነበር።

ለማንም አልተናገርኩም። ለሉዋምም አልነገርኳት። ሽማግሌዎቹ ፊት፣ ሁሉም በተሰበሰበበት ልናገረው ፈለግኩ። የአባቴን ስም የማድነው እኔ ነበርኩ።

እሑድ ከሰዓት መጡ። ሦስት ናቸው። የሚናገሩት የሃብተሚካኤል አጎት አቦይ ገብረእግዚኣብሄር ናቸው፤ ነጭ ጺም ያላቸው፣ ነጠላቸውን እስከ አገጫቸው የሚያጣፉ፣ ሲያዩህ ገና ሳትናገር የሰሙህ የሚመስሉ ሰው። ለእማዬ ክብር ሲሉ በአማርኛ ነበር የሚናገሩት፣ በትምህርት ቤት በተማሩት አማርኛ፣ ሐውንና ዐውን ከጉሮሯቸው እያወጡ። ሉዋምና እኔ ከመጋረጃው ኋላ ነበርን። እጇ ትከሻዬ ላይ ነበር።

«ወይዘሮ ኣበበች፣ ኣቶ ተወልደመድኅን» አሉ፣ «እኛ ለፍቅር ነው የመጣን እንጂ ለክስ አይደለም። ሓቂ ንዛረብ እንተኾይኑ፣ እውነት እንነጋገር ከተባለ፣ ሰው ያወራል። መጠጥ ሰውን ይይዛል፣ ይለቃልም። እኔን ራሴን በጎልማሳነቴ ይዞኝ ነበር፤ እነዚህ ምስክሮቼ ናቸው።»

ሁለቱ ሽማግሌዎች ሳቁ።

«አንድ ነገር ብቻ እንለምናለን። ቄስ ፊት ቆመህ ግዝት ግባ። እስከ ሠርጉ አንዲት ጠብታ እንዳትቀምስ። ሌላ ምንም የለንም። ልጅቷን ወደናታል።»

ባባ አንገቱን ደፋ፤ ለሰው ያፈረ መሰለ። ዛሬ ሳስበው፣ ከዚያን ጊዜ ወዲህ እንደዚያ ያለ ጥሩ ተዋናይ አላየሁም።

«እገባለሁ» አለ። «ከሠርጉም… በኋላ እንኳ። ለልጄ ስል።»

«የቐንየለይ፣ ሓወይ» ብለው አመሰገኑት አቦይ ገብረእግዚኣብሄር። እማዬ ነጠላዋን በጥርሷ ይዛለች። ነገሩ አልቆ ነበር። ሽማግሌው ለምርቃት እጃቸውን ዘረጉ። ሉዋም ከኋላዬ ትንፋሿን ስትለቅ አንገቴ ላይ ሞቀኝ።

መጋረጃውን ገልጬ ወጣሁ።

«ባባ አይጠጣም!» አልኩ። «በማርያም! እኔ አይቼዋለሁ! ይጉመጠመጥና ይተፋዋል!»

መጀመሪያ ሳቁ፤ ሁሉም። ልጅ ለአባቷ ጥብቅና ስትቆም ማን አይስቅም? አቦይ ገብረእግዚኣብሄር እጄን ይዘው አስጠጉኝ።

«ይተፋዋል፣ ጓለይ?»

«እወ አቦይ። የሎሚው ዛፍ ሥር። ከዚያ ደግሞ ኮሌታው ላይ ያደርገዋል፣ እንደ ሽቶ።»

ሳቁ እንዴት እንደ ቆመ አላስተዋልኩም። የማስታውሰው እጃቸው እጄን እንደያዘ መርጋቱን ነው። ባባን አዩት። ባባ እኔን አየኝ። ፊቱ ላይ ቁጣ አልነበረም፤ ስለዚህ የኮራብኝ መሰለኝ። ፈገግ አልኩለት።

«ኣቶ ተወልደመድኅን» አሉ ሽማግሌው በጣም ቀስ ብለው፣ «ኣደኻ ካበይ ዓዲ እየን ነይረን? እናትህ ከየት አገር ነበሩ?»

ባባ የመንደሯን ስም ነገራቸው። ለምን እንደ ነገራቸው አሁንም አላውቅም። ምናልባት ደክሞት ይሆናል፤ ወይም ልጅ በማርያም ምላ የተናገረችውን በላዩ መዋሸት ከብዶት።

«ከደባርዋ ማዶ» አሉ። «ልጅ ሆኜ ከብት ልናጠጣ እንወርድ ነበር። አንዲት ሴት ነበረች። እየዳኸች ቤተ ክርስቲያን ትመጣለች። ወንድሟም ኋላ እንደዚያው ሆነ።» ነጠላቸውን አስተካከሉ። «እግዚኣብሄር ይምሓራ።»

ማንም ሌላ አልጠየቀም። ተነሱ። እማዬ ፈጠን ብላ «እኔ እሸኛችኋለሁ፣ እሱ ይቀመጥ፣ ደክሞታል» አለች።

«ቤቴ ነው» አለ ባባ። «እኔ ነኝ የምሸኝ።»

በሩ ላይ ደረሱ። ባባ ወደ ጎን ቆሞ «ቅደሙ» አላቸው። እንግዳ ይቀድማል፣ ባለቤት ይከተላል፤ ሥርዓቱ ይኸው ነው። አቦይ ገብረእግዚኣብሄር ግን አልተንቀሳቀሱም።

«ኣይፋልን። አንተ ቅደም።»

«ኧረ በእግዚአብሔር፣ አቦይ፣ ቅደሙ።»

«ቅደም፣ ወደይ» አሉት፤ ልጄ ማለታቸው ነው።

እኔ የሚያከብሩት መሰለኝ። ሽማግሌ ቅድሚያ ሲሰጠው ዓይቼ አላውቅማ! ከቤታችን በር እስከ ውጭው በር አሥራ አራት እርምጃ ነው፣ በእኔ ሳይሆን በባባ እርምጃ፤ ስንት ቀን ከኋላው እየዘለልኩ ቆጥሬዋለሁ። በመሀል የሚደገፉት ግድግዳ የለም። ባባ ኮቱን ቆለፈ። አንገቱን ቀና አደረገ፣ እንደ ድሮው፣ እንደ ኮምቢሽታቶው። ሄደ። ሦስቱ ሽማግሌዎች በሩ ላይ ቆመው ከኋላው ያዩታል። እኔ በሹክሹክታ እቆጥራለሁ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ጥሩ ነበር። አምስት። ስድስተኛው ላይ እግሮቹ ተራራቁ፣ የመርከብ ወለል ላይ እንደሚሄድ ሰው። ስምንት። እጆቹ ከጎኑ ተነስተው አየሩን ይፈልጋሉ። ዘጠነኛውን እርምጃ ወደ ፊት ሊረግጥ አንስቶ ወደ ጎን ረገጠው። አሥራ አንድ ላይ የሎሚውን ዛፍ አቀፈ። ዛፉ ተነቃነቀና አንድ ሎሚ ወድቆ እየተንከባለለ ሄደ።

አቦይ ገብረእግዚኣብሄር ደርሰው ሎሚውን አነሱ፣ በባባ መዳፍ ውስጥ አስቀመጡት፣ ጣቶቹንም አጠፉለት። ትከሻውን ሳሙት፣ ኖራ የሚነካውን ትከሻ።

«ደሓን ኩኑ» ብለው ተሰናበቱ። ወጡ።

ባባ ዛፉ ሥር ተቀመጠ። ከቤት ውስጥ የሉዋም መጥረጊያ ድምፅ ይሰማል፤ ቤቱን እንደገና ትጠርጋለች። ባባ ጠራኝ።

«ሚጡ፣ መቼ ነው ያየሽኝ?»

«ትናንት ጥዋት። ሽንት ቤት ሆኜ።»

«ጥሩ ዓይን አለሽ» አለኝ። ሎሚውን ሰጠኝ። «እውነት ነው የተናገርሽው። እውነት በመናገርሽ ማንም እንዳይቆጣሽ፣ እኔም አልቆጣሽም።»

ማንም አልተቆጣኝም። ለዚህ ነው ብዙ ዓመት ያልገባኝ። ሽማግሌዎቹ ሳይመለሱ ሲቀሩ ምርቃት ስላቋረጥኩ ተቀይመው መሰለኝና፣ ትልቅ ሰው ፊት አፌን በእጄ መያዝ ጀመርኩ። አደይ ኣብርሄት «ይቺ ልጅ ምን ነካት?» እስኪሉ ድረስ። ሃብተሚካኤል አንድ ቀን መጥቶ በር ላይ ቆመ። ካራሜላውን ለእኔ ሰጠኝ፣ አልገባም፣ ሄደ። በዓመቱ የፓራዲዞ ልጅ አገባ። ሉዋምን ሊጠይቅ ሌላ ሽማግሌ እኛ ቤት አልመጣም። ባባ በበኩሉ ከዚያን ቀን በኋላ አረቄ አልሸተተም። ምን ያደርግለታል?

ሰባት ዓመት ቆየ። ሁለቱን በከዘራ፣ ሁለቱን በእማዬና በሉዋም ትከሻ፣ አንዱን እየዳኸ፣ የቀረውን አልጋ ላይ። መጨረሻ ላይ የስንቱን ሰው ውሃ ያነበበ ሰው አንድ ጉንጭ ውሃ መዋጥ አቃተው። ሉዋም ነበረች የምታጥበው። እሷም በሠላሳ ስድስት ዓመቷ አንድ ጥዋት ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ትከሻዋ ነጭ ሆኖ አየሁ። አራገፍኩላት።

አንድ ቀን በማንኪያ ሳበላት፣ በማይታዘዝ ምላሷ፣ «ያን ቀን ባትናገሪ ኖሮ…» አለች። ሃያ ዓመት የጠበቅኩት ቃል ነበር።

«ልጆች እወልድ ነበር» አለች። «ደግ አደረግሽ።»

ከልቧ ይሁን ለእኔ አዝና፣ ሳላውቀው ቀበርኳት።

እኔ ግን ወለድኩ። ያገባኝ ዘር የማይቆጥር ሰው ነው፤ ከምጽዋ የመጣ፣ ወላጆቹን በጦርነቱ ያጣ፣ የሚቆጥርለት ሽማግሌም የሌለው። ሁሉን ነገርኩት። «ዛሬን እንኑር» አለኝ። ከኖርን በኋላ እሱም በልብ በሽታ ቀድሞኝ ሄደ። የወለድነው አንዲት ልጅ ነው፣ ኣርያምን። ያች ሐኪም እግሬን አስገጥማ፣ ዓይኔን አስጨፍና፣ ስወድቅ ከያዘችኝ በኋላ፣ መድኃኒት የለውም አለችኝ። ለልጅ ይተላለፋል ወይ ስላት፣ «ከሁለት ልጆች አንዱን ይይዛል ብለሽ አስቢ» አለች። እኔ ያለችኝ አንድ ናት። እንዴት ነው አንዷን ለሁለት የማካፍላት?

አርባ አንድ ዓመቴ ነው። ለኣርያም የሚመጡት ሽማግሌዎች ለፊታችን እሑድ ቀጥረዋል። ልጁን አውቀዋለሁ፣ ጨዋ ነው። ባባ በሃብተሚካኤል ላይ ያደረገው ማታለል እንደ ነበረ አውቃለሁ፤ ይህን ስንት ዓመት ለራሴ ስናገር፣ በእሱ ላይም ስፈርድ ኖሬያለሁ። ባለፈው ሳምንት ግን ከጥጉ ሱቅ ዚቢብ ገዛሁ። ባለሱቁ ዘርዓይ አብሮኝ ያደገ ነው። «ሚጡ፣ ሠርግ ደረሰ እንዴ?» ብሎ ሳቀብኝ። «ለራሴ ነው» አልኩት፣ ሰው እንዲሰማ ድምፄን ከፍ አድርጌ።

ዛሬ ጥዋት ግድግዳውን ይዤ ወደ ግቢው ወጣሁ። የሎሚው ዛፍ አርጅቷል፣ ቢሆንም አለ። ጎረስኩ። ጣፋጭ ነው፣ ያቃጥላል። አንቦጫቦጭኩት። ልተፋ ጎንበስ ስል ኣርያም ማድ ቤቱ በር ላይ ባልዲ ይዛ ቆማለች። ምን ያህል እንደ ቆየች አላውቅም። ጉንጬ እንደ ተነፋ ቀረሁ። ዘጠኝ ዓመቷ አይደለም፤ ስለ ጥርስ ሕመም አታስብም። የአክስቷን እግር ስታጥብ ነው ያደገችው።

ባልዲውን አስቀመጠች። መጣች። በመዳፏ ከቀኝ ትከሻዬ ላይ ኖራውን አራገፈችልኝ፣ ቀስ ብላ፣ እስኪጠራ ድረስ። ከዚያ በአደይ ኣብርሄት ግቢ በኩል፣ አሁን ልጆቻቸው በሚኖሩበት በኩል፣ ቀና ብላ አየች።

«ማማ» አለችኝ፣ «አትትፊው። ሰው ያያል።»

ዋጥኩት።